የተሰበሩ መርፌዎች መዝገብ

እሑድ ጠዋት ነው፤ ጎሮ፣ ሀሩን ቤት፣ ሽማግሌ ተቀምጧል። ዙቤዳ ጓዳ ሆና በሩን ገርበብ አድርጋ ጆሮዋን ጥላለች። ለወጉ ሰሃን እያደረቀች ነው፤ ያንኑ አንድ ሰሃን አራት ጊዜ አደረቀችው። እናቷ ማሚቱ አይታ እንዳላየች ሆነች።

በበሩ ስንጥቅ የሚታያት የሳሎኑ ግማሽ ብቻ ነው። አባቷ ሀሩን፣ የሕንፃ መሣሪያ ነጋዴው፣ ክንዱን አጣጥፎ ተቀምጧል። ከፊት ለፊቱ ጋሽ ነገራ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠዋል። ጋሽ ነገራ እሷ የምትሠራበት የልብስ ፋብሪካ ዘበኛ ናቸው፤ ፋብሪካው የቆመበት ቦታ ደግሞ ከተማው ሳይደርስባቸው በፊት የገዛ ራሳቸው የጤፍ ማሳ ነበር። ከሳቸው ቀጥሎ አብዱልሐሚድ፣ ጺሙን ተላጭቶ፣ አዲስ ሸሚዝ ለብሶ፣ እጁን የት እንደሚያደርገው ጨንቆት ተቀምጧል። እስከዚህ ደህና። ከአብዱልሐሚድ ቀጥሎ ያለውን ሰው ስታይ ግን ሰሃኑ ከእጇ ሊያመልጥ ምንም አልቀረው። አቶ ገብረሃንስ! የፋብሪካው አስተዳደር ኃላፊ! የሷም አለቃ፣ የሱም አለቃ!

«ያ ረቢ! ይሄ ሰውዬ ደግሞ እዚህ ምን ይሠራል?» አለች በሹክሹክታ።

ምን እንደሚሠራ እኔ ልንገራችሁ። አብዱልሐሚድ ከባንግላዴሽ የመጣ የስፌት መኪና መካኒክ ነው። ያኔ ከጎሮ እስከ ለሚ የከተማው ዳር መሬት ሁሉ የሚቆፈርበት፣ ኮንዶሚኒየሙም ፋብሪካውም የሚሽቀዳደምበት ዘመን ነበርና፣ መኪኖቹን የሚያውቅ ሰው ከውጭ ይመጣ ነበር። የሥራ ፈቃዱ የወጣው በፋብሪካው ስም ነው፤ ፋብሪካውን ለቀቀ ማለት አገሩን ለቀቀ ማለት ነው። ፓስፖርቱ ከመጣበት ቀን ጀምሮ አቶ ገብረሃንስ ካዝና ውስጥ ተቆልፎበታል። ሲም ካርድ ለማውጣት የፋብሪካው ደብዳቤ፣ ሐኪም ቤት ለመሄድ የፋብሪካው ደብዳቤ፣ ዓርብ ለጁምዓ ከግቢ ለመውጣት እንኳ የፋብሪካው ፊርማ። ታዲያ ሀሩን «መጀመሪያ አንተን የሚያውቅ፣ ስለ አንተ የሚመልስልኝ ሰው ይዘህ ና» ቢለው፣ ምስኪን፣ ጋሽ ነገራ ብቻቸውን የሚበቁ አልመሰለውም። በቀጥታ ሄዶ አቶ ገብረሃንስን ለመነው። ሌላ ሰው ይህን አይሳሳትም። አራት ዓመት ሙሉ ያለ ማኅተም አንድ እርምጃ ያልተራመደ ሰው ግን፣ ለትዳርም ማኅተም ያስፈልጋል ብሎ ቢያስብ ምን ይፈረድበታል!

ጋሽ ነገራ ወጉ እንደሚያዘው ቆመው ጉዳያቸውን ተናግረው፣ ተቀመጡ ተብለው ተቀምጠዋል። አሁን ተራው የሀሩን ነው።

«ልጄ፣ እስቲ ፓስፖርትህን አሳየኝ። ስምህን ከነአባትህ ልወቀው።»

አብዱልሐሚድ ወደ አቶ ገብረሃንስ ዞር አለ። «እሳቸው ጋ ነው።»

«ያንተ ፓስፖርት?»

«የሁላችንም እሳቸው ጋ ነው፣ አባባ።»

ሀሩን ያጣጠፈውን ክንድ ፈታ። «ለገዛ ወረቀቱ ጌታ ያልሆነ ሰው ልጄን ምን ብሎ ይይዛታል?» አለ፤ ለማን እንደተናገረው አልታወቀም።

አቶ ገብረሃንስ ጉሮሮውን ጠረገ። «እኔ ልጁ ሲለምነኝ እሺ ብዬ የመጣሁት እውነቱ እንዳይደበቅ ብዬ ነው» አለና ከቦርሳው አንድ ወረቀት አወጣ። «ይኸው የሥራ ፈቃድ ፋይሉ። እዚህ ጋ ያንብቡት። ባለትዳር ይላል። የሚስቱም ስም ተጽፏል።»

ሀሩን ወረቀቱን ወደ ዓይኑ አስጠግቶ አየው።

«ሌላም ልጨምር» አለ አቶ ገብረሃንስ። «ኮንትራቱ ሊያልቅ ነው። ኢትዮጵያዊት ካገባ የመኖሪያ ፈቃዱን በሚስቱ በኩል ማውጣት ይችላል፤ ከእኛ እጅ ነጻ ወጣ ማለት ነው። ልጅዎን ለምን እንደፈለጋት እኔ አልናገርም። እርስዎ አባት ነዎት፤ ይፍረዱ።»

አብዱልሐሚድ ብድግ አለ። «ውሸት! ሚስት የለኝም! ወላሂ የለኝም!» አለና አማርኛው ከዳው። ዓይኑ ሳሎኑን ዞሮ ዞሮ የጓዳው በር ስንጥቅ ላይ አረፈ። እዚያ እንዳለች ያውቃል።

ዙቤዳ ያንን ዓይን በደንብ ታውቀዋለች፤ ሲስቅም ሲደክመውም ታውቀዋለች። ዛሬ ግን ምን እንደሚላት ጠፋት። እየለመናት ነው? አፍሮ ነው? ወይስ ተይዞ ነው እንዲህ የሆነው? እጇ ሳታዘው በሩን ገፋ አድርጎ ዘጋው። ለምን እንደዘጋችው ራሷም አላወቀችም።

*

ፍቅራቸው የተጀመረው በተሰበረ መርፌ ነው። መሳቅ የሚፈልግ ይሳቅ።

ልብስ ፋብሪካ ውስጥ መርፌ ሲሰበር ዝም ተብሎ አይጣልም። ስባሪው ልብሱ ውስጥ ከቀረ የለባሹን ገላ ይወጋል። ስለዚህ ቁራጩ ሁሉ ተፈልጎ፣ ተገጣጥሞ፣ መዝገብ ወረቀት ላይ በፕላስተር ይለጠፋል። አንዲት ቁራጭ ከጎደለች የስፌት መስመሩ በሙሉ ይቆማል፤ ሁሉም ተንበርክኮ ይፈልጋል። የሚለጥፈው መካኒኩ አብዱልሐሚድ ነው። ወረቀቱን በየሳምንቱ ተቀብላ የምታስቀምጠው የአስተዳደር ጸሐፊዋ ዙቤዳ ናት።

አንድ ቀን አንዱ ፕላስተር ተላቆ ከሥሩ በእርሳስ የተጻፈ ነገር አየች። ከልብስ ሰፊዎቹ በተማረው ጠማማ ፊደል «ሰማያዊው ሻሽ ያምርብሻል» ይላል። ሻሿን ነካ አድርጋ ብቻዋን ሳቀች። በሚቀጥለው ሳምንት ፕላስተሩን ሁሉ በጥፍሯ ስትልጥ ራሷን ያዘችው። እሷም ባዶውን ቅጽ መልሳ ስትልክ ጥጉ ላይ መልሷን መጻፍ ጀመረች። ሁለት ዓመት እንዲህ ተጻጻፉ። ሰፊዎቹ «ዘንድሮ መርፌው ምን ነካው፣ ሲሰበር ነው የሚውለው» ይሉ ነበር።

ሰኞ ዕለት ቢሮ ገብታ ቦርሳዋን እንኳ ሳታስቀምጥ ፋይሉን አወጣች። እውነት ነው። ባለትዳር። የሚስት ስም፣ ሩኽሳና። ይባስ ብሎ ከግርጌው «ያዘጋጀችው፦ ዙቤዳ ሀሩን» ይላል። ገና ሥራ እንደጀመረች፣ ማን ማን እንደሆነ ሳታውቅ፣ የአሥራ ስምንት ሰው ቅጽ ባንድ ከሰዓት በኋላ ስትገለብጥ በገዛ ጣቷ የተየበችው ነው። በገዛ እጇ ድራ ልካዋለች እኮ!

በምሳ ሰዓት አብዱልሐሚድ ደረጃው ሥር ቆሞ ጠበቃት። ዓይኑ ቀልቷል።

«ዙቤዳ፣ አንድ ደቂቃ።»

«አንድ ደቂቃ ሚስትህ ትስጥህ።»

«የለችም እኮ! ኤጀንሲው ነው የጻፈው። እኔ ፈርም አሉኝ፣ ፈረምኩ።»

«እሺ፣ እሱ ይቅር» አለች። «አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅህ፣ እውነቱን ንገረኝ። እኔን ካገባህ ከዚህ ፋብሪካ ነጻ ትወጣለህ?»

«አይደለም» እንዲላት ፈልጋ ነበር፤ ኧረ በውሸትም ቢሆን ይበላት።

«አዎ» አለ። «ግን...»

ከ«ግን» በኋላ ያለውን ለመስማት አልቆመችም። ሽንት ቤት ገብታ ውሃውን ከፍታ አለቀሰች። ለማልቀስ እንኳ ሐሳቧ አልሰበሰብላት አለ። ውሸታም ቢሆን ኖሮ «አይደለም» ይላት ነበር። እውነተኛ ከሆነ ደግሞ እውነቱ ይኸው ነው፤ እሷ ለሱ በር ናት፣ መውጫ። ግን በር የሚፈልግ ሰው ሁለት ዓመት ሙሉ መርፌ ሥር ስለ ሻሽ ይጽፋል? ቢጽፍስ? ምን ታውቃለች? ፊቷን ታጥባ ወጣች፤ ጥያቄው ግን አብሯት ወጣ።

ረቡዕ የመርፌው ወረቀት መጣ። ፕላስተሩን ሳትነካ መሳቢያ ውስጥ ወረወረችው። ማታ ሰርቪስ ላይ ጎሮ እስክትደርስ ድረስ ያንን መሳቢያ ስታስብ ሄደች።

*

ሐሙስ ጠዋት አቶ ገብረሃንስ ቢሮው አስጠራት።

«የአብዱልሐሚድን ፈቃድ መሰረዣ ደብዳቤ ጻፊ። ሰኞ ይበራል። ይኸው የካዝናው ቁልፍ፤ ፓስፖርቱን አውጥተሽ ከደብዳቤው ጋር አያይዢልኝ።»

«ሰኞ?» አለች።

«ወይም ሌላ ሦስት ዓመት ይፈርምና ይቀራል። ምርጫው የሱ ነው» አለና ፈገግ አለ። «ይፈርማል፣ አታስቢ። በመጨረሻ ሁሉም ይፈርማል። ሌላ ፋብሪካ እንደሚፈልገው የማላውቅ መስሎታል!»

ካዝናውን ከፈተች። አሥራ ስምንት አረንጓዴ ፓስፖርት ባንድ ላስቲክ ታስሮ ተቀምጧል። የሱን መዝዛ አወጣች፤ ፎቶው ላይ ጸጉሩ ብዙ ነው፣ ልጅ ይመስላል። ከዚያ ለደብዳቤው የፈቃድ ቁጥሩን ልታይ የፋይሉን ሣጥን ስትስብ፣ ጎኑ ያለው የሌላው ሰው ፋይል አብሮ ወጥቶ ተዘረጋ።

ባለትዳር። የሚስት ስም፣ ሩኽሳና።

ዓይኗን አሸት አሸት አደረገች። ሦስተኛውን አወጣች። ባለትዳር፣ ሩኽሳና። አሥራ ስምንቱንም ወለሉ ላይ ዘረጋቻቸው። ሁሉም ባለትዳር! አንድም ላጤ የለም። የአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ልጅ፣ ያ ጺም ያላበቀለው፣ የሁለት ልጆች አባት ተብሏል። ሩኽሳና ደግሞ፣ እድሜ ይስጣት፣ የአራት ወንዶች ሚስት ሆናለች።

«አጃኢብ!» አለች ጮክ ብላ። ባለትዳር ሠራተኛ ሥራ ጥሎ አይጠፋም፤ ቀጣሪ የሚፈልገው ቤተሰብ ያለበትን ሰው ነው። የዚያ አገር ኤጀንሲ ይህን ስለሚያውቅ ሁሉንም ድሮ ይልካል፤ ሚስት ላጣው ከጎረቤት ፋይል ሚስት ያውሰዋል። እሷ ደግሞ ይህንን ሁሉ ቁጭ ብላ ገልብጣ ፈርማበታለች! ወለሉ ላይ ተቀምጣ ሳቀች፤ ሳቋ ሳይጠገብ ወደ ልቅሶ ዞረባት።

ተነሥታ መሳቢያውን ከፈተች። የረቡዕ ወረቀት ላይ ሦስት መርፌ ተለጥፏል። አንደኛውን ላጠች፤ «ሚስት የለኝም» ይላል። ሁለተኛውን ላጠች፤ «አዎ ያልኩሽ ላንቺ ስለማልዋሽ ነው» ይላል። በሦስተኛው ሥር ፊደሉ እንደ ጉንዳን ደቅቆ ተጨናንቋል፤ «ነጻ ለመውጣት አንቺን አልጠይቅም። በሌላ በኩል እወጣለሁ። ያኔ እጠይቅሻለሁ።»

በሌላ በኩል ማለት በየት በኩል ነው? ደስ ሊላት ጀመረና ወዲያው ፈራች። የፈራችውም ምኑን እንደሆነ በውል አላወቀችም።

በሩ በርግዶ ተከፈተ። የአራተኛው መስመር አለቃ፣ ልዩ የምትባለው የጋሽ ነገራ ልጅ ናት።

«መስመሬ ቆሟል! የመርፌ ጫፍ ጠፋ! አቶ ገብረሃንስ ወርዶ እየጮኸ ነው፤ የቢሮ ሰው ሳይቀር ይፈልግ ብሏል። ምነው፣ አለቀስሽ እንዴ?»

«አይ፣ ስስቅ ነው» አለች ዙቤዳ። ፓስፖርቱን እጅጌዋ ውስጥ ከታ ተከተለቻት።

*

ስልሳ ሴቶች ወለሉ ላይ ተንበርክከዋል። ማግኔት የያዘ በማግኔት፣ ያልያዘ በመዳፉ ይዳብሳል። አቶ ገብረሃንስ ከወዲያ ጫፍ ሰዓቱን እያየ ይንጎራደዳል። አብዱልሐሚድ ግን የመጨረሻው ጠረጴዛ ሥር ገብቶ በጉልበቱ ተቀምጧል። ዙቤዳ ጎንበስ ብላ ገባች። ሰውነታቸው ሳይነካካ ጎን ለጎን ሆኑ፤ የጨርቁ ብናኝ አፍንጫዋን በላት።

«ሚስትህ እኮ አራት ባል አላት» አለችው በሹክሹክታ።

መጀመሪያ አልገባውም። ሲገባው ትከሻው በሳቅ ተርገፈገፈ፤ ቀና ሲል ግን ጉንጩ ረጥቦ ነበር።

«አወቅሽ?»

«አወቅሁ። ፈረምክ?»

«አልፈርምም። ሰኞ እሄዳለሁ።»

ሌላው በር ይህ ነበር! «ትሄዳለህ? እንዲህ ነው ነጻ የምትወጣው?»

«እዚህ ሆኜ እወድሻለሁ ብል ማን ያምነኛል? አባትሽ አያምኑም። አንቺም ሰኞ ዕለት አላመንሽኝም።» ቃሉን አንድ በአንድ እየፈለገ ነው የሚናገረው። «አገሬ ገብቼ፣ እንደ እንግዳ እመጣለሁ። ምንም ወረቀት ሳልፈልግ። ያኔ እጠይቃለሁ።»

«አትሂድ» ልትለው ከንፈሯ ላይ ደርሶ ነበር። አትሂድ ካለችው ሦስት ዓመት ይፈርማል፤ ታውቀዋለች፣ ለሷ ሲል ይፈርማል። ሂድ ካለችው ደግሞ ሄዶ ቢቀርስ? ጭንቅላቷ ሁለት ቦታ ተከፈለ። እጇ ግን ወደ እጅጌዋ ገብቶ ፓስፖርቱን አወጣና መዳፉ ላይ አስቀመጠው።

አራት ዓመት አልነካውም። ሽፋኑን በአውራ ጣቱ ዳበሰው። ከዚያ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? መልሶ ወደ እሷ ገፋው።

«እስከ ሰኞ አንቺ ጋ ይሁን። አንቺ ጋ ከሆነ እንደማልጠፋ ታውቂያለሽ።»

ዙቤዳ ተናደደች፤ ከልቧ ተናደደች። «እኔ ደግሞ ካዝና ልሁንብህ? ያንተ ፓስፖርት ያንተ ኪስ ውስጥ ነው የሚቀመጠው! የምትመጣ ከሆነ በገዛ እግርህ ና። የማትመጣም ከሆነ...» መጨረስ አልቻለችም።

ፓስፖርቱን ደረት ኪሱ ከተተና ሌላኛውን እጁን ዘረጋላት። መዳፉ ላይ የመርፌ ጫፍ አለ። ለካ ከመጀመሪያውም እሱ ጋ ነበር።

«እንድትወርጂ ሌላ መንገድ አጣሁ» አለ።

ወዲያው ከጠረጴዛው ሥር ብቅ ብሎ «ተገኘ!» ሲል ጮኸ። ሴቶቹ አጨበጨቡ፤ መኪኖቹ እንደገና መንጫጫት ጀመሩ። ዙቤዳ ገና ከጠረጴዛው ሥር ነበረች።

ከሰዓት በኋላ አቶ ገብረሃንስ ፓስፖርቱን ሲጠይቃት «ለባለቤቱ ሰጠሁት» አለችው። ሌላ የሚተይብለት ስለሌለ የስንብት ደብዳቤዋን ራሷ ተየበችው። አንድም ፊደል አልሳተችም።

*

እሑድ ጠዋት ሀሩን ቤት ዳግመኛ ሽማግሌ ተቀመጠ። አሁን ጋሽ ነገራና አብዱልሐሚድ ብቻ ናቸው። ዙቤዳ ከሥራ ለምን እንደተባረረችም፣ ሩኽሳና የአራት ፋይል ሚስት መሆኗንም ለአባቷ ዓርብ ዕለት ነግራዋለች፤ ሰምቷት ወደ ሱቁ ሄደ፤ ተቆጥቶ ይሁን ሌላ ነገር ይሁን አልገባትም። ዛሬም ጓዳ ቆማለች፤ ዛሬም ሰሃን ይዛለች። አብዱልሐሚድ ነገ ይበራል። ለመሰናበት ነው የመጣው ወይስ ለመጠየቅ? የቱን እንደምትመርጥ ብትጠየቅ አታውቅም።

«ዛሬስ ማንን ይዘህ መጣህ?» አለ ሀሩን።

«እኔን» አሉ ጋሽ ነገራ። «ስለሱ የምመልሰው እኔ ነኝ።»

«ኦቦ ነገራ፣ እርስዎ በምን ያውቁታል?»

«አራት ዓመት ሙሉ ሲገባ ሲወጣ በር ላይ የማስፈርመው እኔ አይደለሁም እንዴ! አንድ ቀን ቀና ብሎ ሰላም ሳይለኝ አላለፈም። የገዛ ማሳዬ በር ላይ ዘበኛ ሆኜ ስቆም፣ ይህ መሬት ያንተ ነበር ወይ ብሎ የጠየቀኝ ሰው እሱ ብቻ ነው። ልጄ ብዬዋለሁ። በእኛ ወግ ደግሞ ልጄ ያልኩት ልጄ ነው።»

አብዱልሐሚድ ተነሣ። ከደረት ኪሱ ፓስፖርቱን አውጥቶ በሁለት እጁ ለሀሩን ሰጠ።

«ባለፈው አሳየኝ ብለውኝ ነበር፣ አባባ። ዛሬ ልጅዎን ልጠይቅ አልመጣሁም። ነገ እሄዳለሁ። ከእርስዎም ከማንም ወረቀት የማልፈልግበት ቀን መጥቼ እጠይቃለሁ። ይህን ልነግርዎት ነው።»

ሀሩን መነጽሩን አደረገ። ፓስፖርቱን ገልጦ ስሙን ከነአባቱ ጮክ ብሎ፣ ፊደል በፊደል አነበበ። ከዚያ ዘጋውና መልሶ ዘረጋለት።

«መልሰህ ኪስህ ክተተው። ለማንም አትስጥ» አለ። ቀጥሎም፣ «መሄጃህን ይዘሃል። ለመመለሻህስ ምን አለህ?»

አብዱልሐሚድ አፉን ከፈተ፤ አማርኛው ዛሬም ከዳው። ዓይኑ ወደ ጓዳው በር ሄደ። በሩ ግን ዛሬ ስንጥቅ አልነበረም። ዙቤዳ ወለል አድርጋ ከፍታው መሃሉ ላይ ቆማለች፣ ሰማያዊ ሻሿን አስራ፣ ያን የፈረደበት ሰሃን ይዛ። ለመመለስ ወይም ለመደበቅ አላሰበችም። ቀጥ ብላ አየችው።

ሀሩን አንዴ ልጁን፣ አንዴ ሰውየውን አየ። መነጽሩን አወለቀ።

«ማሚቱ!» ሲል ተጣራ። «ምሳ አቅርቢ እንጂ። ልጃችን ነገ መንገደኛ ነው።»

ልጃችን አለ! ዙቤዳ እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። ይምጣ አይምጣ የምታውቀው ነገር የለም፤ ነገ በዚህ ሰዓት እሱ ሰማይ ላይ ነው፣ እሷ ሥራ የላትም። እንዲህ ግራ ገብቷት አያውቅም፤ እንዲህም ደስ ብሏት አያውቅም። ሰሃኑን ይዛ ገባችና ፊቱ አስቀመጠችለት።